ጡንቻው የማይበቃው ልጅ

አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ምግብ መቀነስ ስትጀምር ቤቱ ይረበሻል። ክብደቷን በየቀኑ ስትመዘን፣ ከእንጀራው ጫፍ ቆርሳ ብድግ ስትል ሁሉም ያያታል። እናት ታለቅሳለች፣ አክስት ትጠራለች፣ ሐኪም ቤት ይኬዳል። ወንድሟ ግን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ሁለት ሰዓት ብረት ይገፋል። ከቤተሰቡ ጋር መብላት ትቷል፤ የእንቁላል ነጩን ብቻ ለይቶ ለብቻው ይበላል። መስታወት ባገኘ ቁጥር ክንዱን ያያል። ቤቱ ግን ደስ ይለዋል። «ጎበዝ! ጫት የለ፣ ሲጋራ የለ፣ ስፖርት ብቻ። ተመስገን ነው» ይባላል።

ብዙ ጊዜ ይህ ደስታ ትክክል ነው። ጂም የሚሠራ ልጅ እንቅልፉ ይስተካከላል፣ ስሜቱ ይረጋጋል፣ ጓደኛ ያገኛል። ይህን የሚያነብ ወላጅ ተነስቶ ልጁን ከጂም እንዲያስወጣ አልፈልግም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከእነዚህ ልጆች መካከል የታመሙ አሉ፤ ጡንቻቸው ቢፈረጥምም ትንሽና ደካማ የሆኑ ይመስላቸዋል። በሽታው ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ጉብዝና ስለሚመስል እኛው እያጨበጨብን እናሳድገዋለን።

ነገሩን መጀመሪያ በግልጽ የጻፉት ሃሪሰን ፖፕ የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት 108 ሰውነት ገንቢዎችን አነጋገሩ። ዘጠኙ ጡንቻቸው የፈረጠመ ሆኖ ሳለ ራሳቸውን ትንሽና ደካማ አድርገው ያዩ ነበር። ግብዣ ሲጠሩ ይቀራሉ። በበጋ ሙቀት ወፍራም ልብስ ይደርባሉ፤ ቀጭን መስሎ መታየት ያሳፍራቸዋል። በ1997 ችግሩ የጡንቻ ዲስሞርፊያ የሚል ስም ተሰጠው። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ሰው በሰውነቱ ላይ የሌለ ጉድለት እያየ ከሚሰቃይበት ሕመም ስር አስገባው።

ጎረምሶች ላይ ምን ያህል ይገኛል? በአውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 የሆነ 3,618 ተማሪዎች ተጠይቀው ነበር። የሕመሙን መስፈርት ያሟሉት ከወንዶቹ 2.2 በመቶ፣ ከሴቶቹ 1.4 በመቶ ሆኑ። ሃምሳ ወንዶች ባሉበት ክፍል አንዱ ማለት ነው። ሴቶቹም ከጥቂት ዓመታት በፊት ይታሰብ ከነበረው ይበልጣሉ። ዛሬ «ቀጭን ሁኚ» በሚለው ጫና ላይ «ጠንካራና ቅርጽ ያለሽ ሁኚ» የሚል ሌላ ጫና ተደርቦባቸዋል።

እስከ ሕመም ያልደረሰው ደግሞ ብዙ ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች በ2010 የተጠየቁ 2,793 ተማሪዎች ነበሩ። አማካይ ዕድሜያቸው 14 ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም። ከመካከላቸው 34.7 በመቶው የፕሮቲን ዱቄት ወይም መጠጥ ይጠቀሙ ነበር። 5.9 በመቶው ስቴሮይድ፣ ማለትም ጡንቻ የሚያፈረጥም ሆርሞን፣ ሞክረናል አሉ። እነዚህ ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉባቸው ናቸው። አባትና እናት በየፈረቃው ሲሮጡ ልጁ በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚበላ ማን ያያል?

በጤነኛውና በታመመው መካከል ያለው መስመር በሰዓት አይለካም። የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ በቀን ሦስት ሰዓት ሊሠራ ይችላል። አንድ ቀን ሲያመልጠው ይናደዳል፣ ከዚያ ይረሳዋል። የታመመው ልጅ አንድ ቀን ካመለጠው ቀኑ ይበላሽበታል። የአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ አይሄድም፤ እዚያ ያለው ምግብ አይመዘንም፣ ስንት ግራም ፕሮቲን እንዳለው አይታወቅም። ትከሻው ተጎድቶ እያመመው ይገፋል። ጓደኞቹ «አንተማ ፈርጥመሃል» ሲሉት የሚያሾፉበት ይመስለዋል። ጃኬቱን አያወልቅም።

እንዲህ ያለው ልጅ እዚህ የሚደርሰው በአንድ ምክንያት አይደለም። የሚደራረቡ ነገሮች አሉ። ለኔ ትልቁና በጣም የተረሳው የጉርምስና ሰዓት ነው።

የወንድ ልጅ ጉርምስና ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ በማንኛውም ዓመት ሊጀምር ይችላል። ሁሉም ጤናማ ነው። ስለዚህ አንድ 8ኛ ክፍል ውስጥ ጺም ያበቀለና ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በዚያ ላይ ሰውነት የሚያድገው በተራ ነው። ቁመት ይቀድማል። ጡንቻ በደንብ የሚሞላው ቁመቱ ከተመዘዘ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ድንገት እንደ ሸንበቆ የተመዘዘ፣ ክንዱና እግሩ ብቻ የሚታይ የ14 ዓመት ልጅ ምንም አልጎደለበትም። መንገድ ላይ ነው።

ይህን ግን ማንም አልነገረውም። ጂም ይገባል። ገና ጉርምስናው ያልገፋ ልጅ ብረት ሲያነሳ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ነርቮቹ ጡንቻውን ማዘዝ ይማራሉ። የጡንቻው መጠን ግን እምብዛም አይለወጥም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ሆርሞን ገና አልመጣም። ስድስት ወር ይሠራል። አጠገቡ ያለው፣ ቀድሞት የጎረመሰው ጓደኛው ደረቱ ይሰፋል። እሱ እንዳለ ነው። «እኔ ላይ ችግር አለ» ብሎ ይደመድማል። ዱቄት የሚሸጠው ሰው የሚያገኘው በዚህ ሰዓት ነው። ከእሱ በኋላ የስቴሮይድ መርፌ የሚሸጠው ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር አፋችን ነው። እኛ ሰው ስናገኝ ሰላምታው ሳያልቅ ስለ ሰውነቱ እንናገራለን። «ምነው እንዲህ ከሳህ?» «ውይ፣ ተመችቶሃል መሰለኝ!» ክፋት የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ፍቅር ነው። የ13 ዓመት ልጅ ግን እንደዚያ አይሰማውም። ትምህርት ቤት «ቀጮ» ወይም «ድቡልቡል» ሲባል ውሎ ቤት ሲገባ አጎቱ «ይሄ ልጅ አትመግቡትም እንዴ?» ካለ፣ ሁለቱ ይደመሩበታል። በተለያየ አገር የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያገኙት ነገር ነው፦ በሰውነቱ የተሾፈበት ልጅ ለዚህ ችግር የበለጠ ይጋለጣል። ቀጭኑም ወፍራሙም ያው ነው። አንዱ ለመሙላት፣ ሌላው ያለፈ ስሙን ለማስረሳት ይሮጣል።

የልጁ ጠባይም ድርሻ አለው። ፍጹም ካልሆነ የማይረካ፣ ለራሱ ያለው ግምት ዝቅ ያለ፣ የሚጨነቅ ልጅ በቀላሉ ይያዛል። ኪሎ የሚቆጠርበት ወይም ሰውነት ለእይታ የሚቀርብበት ስፖርት ውስጥ ያለም እንዲሁ።

ሦስተኛው ስልኩ ነው። አንድ ልጅ ቲክቶክ ላይ አንድ የጂም ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ካየ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ገጹ በሙሉ ደረትና ክንድ ይሆናል። ቪዲዮው እንዴት እንደሚሠራ ግን አይታይም። ሰውየው የሚቀረጸው ሠርቶ እንደጨረሰ ነው፤ ያኔ ጡንቻው በደም ተወጥሯል። ብርሃኑ ከላይ ነው፤ ከላይ የመጣ ብርሃን እያንዳንዱ የጡንቻ መስመር ስር ጥላ ይጥላል። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ውኃና ጨው የቀነሰ ሊሆን ይችላል። ትንፋሹን ይዟል። ወገቡን ትንሽ ጠምዝዟል፤ ስለዚህ ትከሻው ይሰፋል። አርባ ፎቶ ተነስቶ አንዱን ለጠፈ፤ እሱንም በአፕ ነካክቶት ይሆናል። ልጁ ይህን ፎቶ የሚያወዳድረው ጠዋት ገና ሳይበላ፣ ፊት ለፊት በበራ አምፖል፣ መታጠቢያ ቤት መስታወት ውስጥ ከሚያየው ከራሱ ጋር ነው። ፎቶው የቆየው አንድ ሰከንድ ነው። ሰውየው ራሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደዚያ አይደለም።

ይህ በስልክ አልተጀመረም። ፖፕና ባልደረቦቻቸው በ1999 የአሻንጉሊት ወታደሮችን ለክተው ነበር። ጂ.አይ. ጆ የሚባለው አሻንጉሊት 1 ሜትር ከ78 የሚረዝም ሰው ቢሆን፣ የ1964ቱ የክንድ ዙሪያ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጣው ግን 68 ደረሰ። ከአብዛኛው ሰው ጭን ይወፍራል። ስልኩ የጨመረው ብዛቱንና ቅርበቱን ነው። አሻንጉሊት አሻንጉሊት መሆኑ ይታወቃል፤ ስልክ ላይ ያለው ሰውዬ ግን «እኔ እንዳንተው ነበርኩ» ይላል።

ላይቨር ኪንግ በሚል ስም የታወቀውን ብራያን ጆንሰንን ብዙ ልጆች ያውቁታል። ጥሬ ጉበትና የእንስሳት የሆድ ዕቃ በመብላት እንዲህ ሆንኩ እያለ ሚሊዮን ተከታይ አፈራ፤ የራሱንም የምግብ ማሟያ ሸጠ። በታኅሣሥ 2022 ስቴሮይድ እንደሚወስድ በራሱ ቪዲዮ አመነ። ጥሬ ጉበት በእኛም አገር ስለሚበላ ወሬው ለእኛ ልጆች የቅርብ ነው፤ በቀላሉ ይታመናል። ሰውየው እውነቱን እስኪናገር ድረስ ስንት ልጅ ራሱን ከመርፌ ሥራ ጋር ሲያወዳድር ከረመ?

ስለ መርፌው በደንብ ልናገር፤ ወላጆች «አደገኛ ነው» ከማለት አልፈው ሲያስረዱ አልሰማም።

ስቴሮይድ ስንል ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ወይም እሱን አስመስለው የሠሩት ነው። የጎረምሳ አጥንት ጫፍ ላይ ገና ያልደነደነ የማደጊያ ንጣፍ አለ። ቁመት የሚጨምረው እዚያ ነው። ከውጭ የገባው ቴስቶስትሮን ከፊሉ ሰውነት ውስጥ ኢስትሮጅን ወደተባለው፣ በሴቶች ላይ ወደሚበዛው ሆርሞን ይለወጣል። ኢስትሮጅን ደግሞ ይህን ንጣፍ ይዘጋል። ስለዚህ ገና የሚያድግ ልጅ ሲወጋ ቁመቱ ባለበት ሊቆም ይችላል፤ ኋላ የሚመለስ ነገር አይደለም። ያው ኢስትሮጅን በወንድ ልጅ ደረት ላይ ጡት ያበቅላል። ወንድነቱን ለማሳየት የጀመረ ልጅ ሸሚዝ ማውለቅ ይፈራል።

አንጎል በበኩሉ ደም ውስጥ ያለውን ሆርሞን እየለካ ነው። ብዙ ሲያገኝ «በቃ፣ አያስፈልግም» ብሎ ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። የዘር ፍሬው ይኮማተራል፣ ዘር ማምረት ይቀንሳል። ልጁ መርፌውን ሲያቆም አንጎል ወዲያው አይነቃም። ሳምንታት፣ አንዳንዴ ብዙ ወራት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ከውጭ የሚገባ የለም፣ ከውስጥም የለም። ጡንቻው ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጠፋል፣ ከባድ ድብርት ይመጣል። ብዙዎች ወደ መርፌው የሚመለሱት ያኔ ነው። ልቡ፣ ጉበቱና የደም ቅባቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም አለ፤ የ16 ዓመት ልጅ ግን ስለ ልብ ሕመም ስትነግረው አይሰማህም። ስለ ቁመቱ ስትነግረው ይሰማል።

ሕመሙ ራሱም ቀላል አይደለም። በ2005 በወጣ የፖፕና የባልደረቦቻቸው ጥናት 63 አዋቂ ወንዶች ነበሩ፤ ሁሉም ሰውነታችን ጉድለት አለበት በሚል ሕመም የሚሰቃዩ። ከእነሱ 14ቱ ችግራቸው በጡንቻ ነበር። ከ14ቱ ግማሹ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል። ከሌሎቹ የሞከሩት 16 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አዋቂዎችም ናቸው። ግን «ያልፍለታል» ብሎ መተው እንደማይቻል ለማሳየት ይበቃል።

ልጁን ከዚህ ሕመም የሚጠብቁት ነገሮችም አሉ፤ ደስ የሚለው አብዛኞቹ በእጃችን ናቸው።

አንዱ ልጁ በዙሪያው የሚሰማው የወንድ ልክ ነው። በ2000 በወጣ ጥናት የኦስትሪያ፣ የፈረንሳይና የአሜሪካ ወጣት ወንዶች የሚመኙትን ሰውነት ከምስል እንዲመርጡ ተጠየቁ። ካላቸው 13 ኪሎ ገደማ የሚበልጥ ጡንቻ ያለው መረጡ። ሴቶች የሚወዱትም እንደዚያ ያለውን ነው ብለው ገመቱ። ሴቶቹ ሲጠየቁ ግን የመረጡት ተራውን፣ ጡንቻ ያልተጨመረበትን ወንድ ነው። በኋላ ታይዋን ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሲሠራ የታይዋን ወንዶች በሰውነታቸው ያላቸው ቅሬታ ከእነዚያ በጣም ያነሰ ሆነ። አጥኚዎቹ ወንድነት እዚያ በጡንቻ ብዙም ስለማይለካ ሊሆን ይችላል ብለዋል።

እኔ ይህን ሳነብ የመጣብኝ ኃይሌና ቀነኒሳ ናቸው። ከ1996 እስከ 2008 የተካሄዱትን አራት የኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ወርቆች ሁለት ሁለት አድርገው የወሰዱት ቀጭን ሰዎች ናቸው። አገር በሙሉ ያለቀሰላቸው ክንዳቸው ወፍሮ አይደለም። ለልጅ «ሰውነትህ ምን ይሠራል?» ብሎ ማሰብን ለማስተማር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለንም። ሰውነቱን በሚችለው ነገር የሚመዝን ልጅ፣ ማለትም ስንት ሮጥኩ፣ ምን ተሸከምኩ፣ ምን ተጫወትኩ የሚል ልጅ፣ መስታወት ቶሎ አይጥለውም።

ሁለተኛው አሰልጣኝ ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ሊን ጎልድበርግና ዳያን ኤሊየት የተባሉ ሐኪሞች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች አንድ ፕሮግራም ሠሩ። ከዚያ በፊት ማስፈራራት ብቻ ይሠራ እንደሆነ ፈትሸው ነበር። አልሠራም፤ መጥፎውን ብቻ የሰሙ ልጆች ሐሳባቸው አልተለወጠም። ልጆቹ መርፌ ጡንቻ እንደሚያመጣ በዓይናቸው አይተዋል፤ ስለዚህ «ምንም አይጠቅምም» የሚል ሰው ሲያወራ ሌላውንም አያምኑትም። አዲሱ ፕሮግራም ግን የሚሠራውንም የሚጎዳውንም በግልጽ ነገራቸው። ከዚያ ያለ መርፌ እንዴት እንደሚጠነከር፣ ምን እንደሚበላ አሰለጠናቸው። አስተማሪዎቹ አሰልጣኞቹና የቡድኑ ልጆች ራሳቸው ነበሩ። በ31 ትምህርት ቤቶች ከ3,000 በላይ ተማሪዎች ተሳትፈዋል። ፕሮግራሙን የወሰዱት ስቴሮይድ የመሞከር ሐሳባቸው ቀነሰ፣ አዲስ ጀማሪዎችም አነሱ።

የእኛ ሰፈር ጂሞች ይህን ማድረግ ይችላሉ። በቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልቶ ብረት ከሠራው ጀምሮ መስታወት በመስታወት እስከሆነው ድረስ፣ ልጆች ከአባታቸው ይልቅ የሚሰሙት አሰልጣኙን ነው። አሰልጣኙ «ዛሬ ከትናንት በአምስት ኪሎ በለጥክ» ካለ አንድ ነገር ነው። «ይሄ ክንድ ነው ወይስ ክር?» ካለ ሌላ። ዱቄትና መርፌ የሚሸጠው ራሱ አሰልጣኙ ከሆነ ደግሞ ወላጅ ልጁን ሌላ ጂም ቢያስገባ ይሻላል። ይህን ስል አላመነታም።

ሦስተኛው መሶቡ ነው። ከቤተሰቡ ጋር የሚበላ ልጅ ይታያል፤ ምን እንደጀመረ ቶሎ ይታወቃል። «ለብቻዬ እበላለሁ» ሲል እንደ ጉብዝና አይቆጠር። ሒሳቡም ቢሆን አያስኬደውም። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ በቀን 51 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃዋል፤ ጠንክሮ ለሚሠራ እጥፉ ይሁን። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ ብርጭቆ ሙሉ የበሰለ ምስር 18 ይደርሳል። በጾምም ምስሩ፣ ሽሮው፣ ባቄላው አለ፤ ከእናቱ ጋር የሚያጣላ ነገር የለም። ጥሬ እንቁላል መጠጣትም ይቅር። የበሰለው እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉ ሰውነት ውስጥ ሲገባ፣ የጥሬው ግማሹ ገደማ ብቻ ነው የሚገባው።

ሕግም ይረዳል። የኒው ዮርክ ግዛት ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ለጡንቻ ግንባታና ለክብደት መቀነሻ ተብለው የሚሸጡ ማሟያዎች ዕድሜያቸው 18 ላልሞላ እንዳይሸጡ ከልክሏል፤ ተራው የፕሮቲን ዱቄት አልተካተተም። በአሜሪካ እነዚህ ማሟያዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ደኅንነታቸው በመንግሥት አይጸድቅም። ከዚያ በሻንጣ የመጣ ዕቃ «የውጭ ነው» ተብሎ መታመን የለበትም።

ልጁ ላይ ምልክቱን ያየ ሰው በክርክር አይጀምር። «ቀጭን አይደለህም እኮ» ማለት አይሠራም፤ የሚያየው ሌላ ነው። «የኔ ጌታ፣ ጂም ያልሄድክ ቀን ምን ይሰማሃል?» የሚል ጥያቄ ይሻላል። መልሱን ዝም ብሎ መስማት ያስፈልጋል። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ሕክምና በዋናነት አስተሳሰብንና ልማድን የሚቀይር የንግግር ሕክምና ነው፤ አንዳንዴ መድኃኒት ይጨመራል። ለብዙ ቤተሰብ የአማኑኤል ስም ራሱ ያስፈራል። ልጁም «አበድኩ እንዴ?» ይላል። ከጠቅላላ ሐኪም ወይም ከሕፃናት ሐኪም መጀመር ይቻላል፤ እነሱ ይመራሉ።

መርፌ የጀመረ ልጅ ከሆነ ግን ቀጠሮው ይፍጠን። መደበቁን እንዲያቆም መጀመሪያ ቁጣው ይብረድ። ሐኪሙ የሆርሞን፣ የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ ያዝለታል። መርፌ ከሌላ ሰው ጋር ተጋርቶ ከነበረ የኤች አይ ቪና የሄፓታይተስ ምርመራም ይጨመር። ጠርሙሱን ወይም ፎቶውን ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ሐኪሙ ልጁ ምን እንደወጋ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት ድብርቱ ስለሚበረታ ብቻውን አይተው፤ ስለ መሞት ካወራ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይወሰድ።